ከኮምባይነር የተረፈውን የስንዴ ጭድ ምን እናድርገው?

የአርሲው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ጋ ስንዴ የሚታጨደው በኮምባይነር ነው። ማሽኑ ሲወጣ ጭዱ ማሳው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። አባቴ ለከብት የሚበቃውን ሰብስበው የቀረውን ያቃጥሉታል። እኔ ደግሞ አፈሩ እየደከመ ነው ባይ ነኝ፤ ማዳበሪያ እየጨመርን ምርቱ ያው ነው። ጎረቤታችን አምና ጭዱን ሰኔ ላይ ከአፈር ጋር ገልብጦ ወዲያው ዘራበት። ስንዴው ቢጫ ሆነ። አባቴም "ይኸው፣ አየህ!" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የሰብል ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ጎረቤታችሁ የዘገየው ጊዜው ላይ ነው። የስንዴ ጭድ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ገደማ ካርቦን አለ። ጭዱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ሲያጥራቸው ከአፈሩ ይወስዳሉ። ቡቃያው የሚራበው ያኔ ነው። በኋላ መልሰው ይለቁታል፤ ግን ለዚያ ስንዴ ረፍዷል።

እናንተ ጋ በልግ ስለሚዘንብ አፈሩ እንደራሰ፣ መጋቢት አካባቢ ገልብጡት። እስከ ሰኔ ብዙው ይበሰብሳል። ሲቃጠል ግን ናይትሮጅኑና ድኙ አብዛኛው በጭስ ይሄዳል። እባካችሁ አታቃጥሉት!

የአባትህንም ነገር አትናቅ። ሴፕቶሪያ የሚባለው የቅጠል በሽታ ጭድ ላይ ይከርማል፤ እሳት እሱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጭድ በተቀበረበት ማሳ ስንዴ በስንዴ ላይ አትድገሙ። ባቄላ ወይም አተር ዝሩበት። ባቄላ ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚያገኝ ብዙም አይቸገርም።

እመት ከመንዝ፦
ታድላችሁ፣ ጭድ የሚተርፋችሁ! እኛ ጋ ጭዱ ለከብት፣ እበቱ ለኩበት ነው። ለማሳው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነበር። አሁን ከብቶቹ ሥር ጭድ እጎዘጉዛለሁ። ሽንት የጠጣውን ጠዋት ጠዋት አወጣና ከእርጥብ አረም ጋር እከምራለሁ፤ አረሙ ዘር ሳይቋጥር መታጨድ አለበት። ክምሩ መሃል ረጅም እንጨት እተክላለሁ። ነቅዬ ስነካው ሞቅና እርጥብ ካለ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ ውኃ አጠጣዋለሁ። በየወሩ እገለብጠዋለሁ፤ በ3 ወይም በ4 ወር ጥቁር አፈር ይመስላል። ለጓሮው ገብስ እሱን ነው የምሰጠው፣ ዛላው ያስደስታል።

የአርሲው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አባቴ ግን ማሳውን በሙሉ አይሰጡኝም።

የሰብል ባለሙያ፦
በሙሉ አትጠይቃቸው። ዳር ላይ አንድ ጥማድ ይፍቀዱልህ። ዘሩም ማዳበሪያውም ከሌላው ጋር እኩል ይሁን። ምርቱን ለብቻው ውቁና አባትህ ራሳቸው ይመዝኑት። አንድ ዓመት ብቻ አይተህ ግን አትፍረድ፤ አፈር ቀስ እያለ ነው የሚያገግመው።