የመሪ ዳዶ በብየዳ? ክርክር፦ የሪኮሉን ጥገና ማን ይምረጥ?

አስተናጋጅ፦
የዚህ ሳምንት ክርክር እንደጠየቃችሁት የመሪ ሪኮል ነው፤ ሪኮል አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ ነው። ላልሰማ፦ በ2019 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፊያት ክራይስለር ከ2013 እስከ 2017 የተሠሩ ከባድ ራም ፒካፖችን፣ 2500 እና 3500፣ 660,000 ገደማ ለጥገና ጠራ። መሪው ሲዞር ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ድራግ ሊንክ የሚሉት፣ ማጥበቂያ ዳዶው ሊላላና ዘንጉ ሊለያይ ይችላል። ያኔ መሪው ይዞራል፣ ጎማው አይሰማም። መፍትሔ ተብሎ የተሰጠው፦ ዘንጉ ተበላሽቶ ከተገኘ መቀየር፣ ካልተበላሸ ዳዶውን ባለበት መበየድ። ጥያቄያችን፦ ያጠፋው አምራች ጥገናውንም ራሱ መምረጡ ልክ ነው ወይ? ስድብ ክልክል፣ የድምፅ መልእክትም ክልክል።

ሆትሾት ዴንቨር፦
ልክ አይደለም። የእኔ ፒካፕ የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ግን ተጎታች ላይ መኪና ጭኜ ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከኮሎራዶው ተራራ፣ ቁልቁል ስወርድ የማምነው ያንኑ ዓይነት ዘንግ ነው። ዳዶ በራሱ ጊዜ ከላላ ወይ ንድፉ ወይ አጠባበቁ ጉድለት አለበት። ጉድለት ያለበትን ዕቃ አውጥቶ መጣል ሲገባ እዚያው በየዱት። አንድ ዘንግ ለእነሱ ምንም አይደለም፤ በ660,000 ሲባዛ ነው ያንገሸገሻቸው።

ሪድ ኦንሊ፦
ብየዳ ያሳደገን ልጆች ብየዳ ስንንቅ ሱማሌ ተራ ይታዘበናል። ሃሃሃ

መካኒክ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዴንቨር ወንድሜ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ጥገና መጥፎ አይባልም። በ2018 ጄኔራል ሞተርስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የ2015 ፒካፖችንና ኤስዩቪዎችን ጠርቶ ነበር፤ ቮልቴጅ ሲወርድ የኤሌክትሪክ መሪው ርዳታ ለአፍታ ይጠፋና በድንገት ይመለሳል። ጥገናው ሶፍትዌር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚረክስ የለም፣ ግን በሽታውም እዚያው ስለነበር ማንም በዚህ ሊያማቸው አይችልም።

የብየዳውም ሐሳብ ሞኝነት የለበትም። የዳዶው ሥራ እጅጌውን፣ የዘንጉን ርዝመት የሚያስተካክለውን ቱቦ፣ መቆለፍ ነው፤ በደንብ የተበየደ ዳዶ አይላላም። የእኔ ቅሬታ "በደንብ" የሚለው ላይ ነው። ሥራው ፋብሪካ ውስጥ በሮቦት አይሠራም፤ በየከተማው ዲለር ጋ፣ ጠዋት ዘይት ሲቀይር በዋለ ልጅ እጅ ነው የሚሠራው። የሚኒሶታ የበረዶ መንገድ ጨው የበላው ብረት እንደ ቴክሳሱ አይያዝም። ብየዳ ደግሞ ከላይ አምሮ ከሥር ላይዋሐድ ይችላል፣ በዓይን አይለይም። ነገ መሪው ወደ ጎን ቢያዘነብል መሐል የሚያመጣው ያው እጅጌ ነው። የተበየደውን እንዴት አዞራለሁ? ያኔ ባለቤቱ ዘንጉን በሙሉ ከኪሱ ሊገዛ ነው። ጥገናው ረከሰ የምለው ለዚህ ነው፤ ወጪውን ቆርጠው ከፊሉን ለሰውየው ነገ አስቀመጡለት።

ጋሽ አሥራ ስምንት ጎማ፦
ልጆች፣ እኔ ከፒካፕ ጋር አልተዋወቅም። በ2016 የቮልቮ ትራኮች ላይ የሆነውን ግን አልረሳም። 16,000 ገደማ ናቸው። የመሪው ዘንግ ሁለት ቁራጭ ነው፤ የሚቆልፈው ፒን ሳይገባ የወጣ ሊኖር ይችላል፣ የታችኛው ቡሎንም በደንብ ላይጠብቅ ይችላል ተባለ። ኒትሳ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሳይጠገን እንዳይነዳ፣ ባለበት ይቁም አለ። ቁም ማለት ቁም ነው፤ ሎዱ የትም ይሁን።

እኔ ያን አከብራለሁ። የሚያስቆም ከሆነ አስቁሙን፣ የማያስቆም ከሆነ በቅጡ ሠርታችሁ መልሱን። "አደገኛ ነው፣ ግን እየነዳችሁ ደብዳቤ ጠብቁ" የሚሉት መሐል ቤት ነው የሚገድለን።

የዳላስ ዲስፓቸር፦
ጋሼ፣ እርስዎ መሐል ቤት ያሉት የእኛን ቤት ነው። የመኪናውን ስም አልጠራም። ደብዳቤው መጀመሪያው ላይ "መሪዎ ሊከዳዎት ይችላል" ይላል፤ ወረድ ሲል "ዕቃው አልተዘጋጀም፣ ሲደርስ እንጽፋለን"። የሚነዳው ባለቤቴ ነው። ልከልክለው? ባንኩስ ይሰማኛል? ስለዚህ ብየዳው ዛሬ፣ ዕቃው ግን ከወራት በኋላ ቢሉኝ ብየዳውን እወስዳለሁ። ዴንቨር፣ "ይቀየር" ማለት ለአንተ ቀላል ነው፤ 660,000 ዘንግ ተሠርቶ እስኪያልቅ በላላው ዳዶ ንዱ ማለትህ እኮ ነው።

ሆትሾት ዴንቨር፦
እህቴ፣ ሁለቱንም ነው የምለው። ዛሬ ይበየድ፣ ዕቃው ሲደርስ ይቀየር። እነሱ ግን ብየዳውን የመጨረሻ አድርገው ፋይሉን ዘጉ። የእኔ ጠብ ከመዝጋቱ ጋር ነው።

የሕግ ተማሪ፦
በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አምራቹ ሦስት መንገድ አለው፦ መጠገን፣ መኪናውን መተካት፣ ወይም ገንዘብ መመለስ። መራጩም ራሱ ነው። ምን እንደሚመርጥ ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማያነበው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ጥገናው በተገቢ ጊዜ፣ በአግባቡ ካልተሠራ መተካት ወይም መመለስ ግዴታ ይሆናል። መኪናውን አቅርባችሁ 60 ቀን ሳይጠገን ካለፈ ይህ ራሱ ለጊዜው እንደ ማስረጃ ይቆማል። ዲስፓቸር፣ መኪናውን ያቀረባችሁበትን ቀን በጽሑፍ አስይዙ፤ ስልክ መደወል አይበቃም።

"በአግባቡ" የሚለውን ማን ይለካል ካላችሁ፣ በ2015 ኒትሳ ለካው። ፊያት ክራይስለርን በ23 ሪኮሎች፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ መኪና፣ ሕዝብ ፊት አቅርቦ ጠየቀው። ኩባንያው በጊዜው አለመጠገኑንና ባለቤቶችን በአግባቡ አለማሳወቁን አመነ፣ 105 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በዚያ ላይ መሪ ሊያስት የሚችል የሻንሲ ሥር ዕቃ ያለባቸውን ራሞች መልሶ እንዲገዛ ተገደደ። ስምምነቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መኪና ይመለከት ነበር፣ መልሰው መሸጥ የቻሉት ግን መኪናቸው ገና ያልተጠገነላቸው ባለቤቶች ብቻ ናቸው። ከግማሽ ሚሊዮኑ ደግሞ ብዙው ቀድሞ ተጠግኖ ነበር።

ሆትሾት ዴንቨር፦
ስሙልኝ! ደብዳቤ እንደደረሰው ሮጦ የሄደው ታዛዥ በጥገናው ቀረ፣ ፖስታውን ያልከፈተው ገንዘቡን ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ሰው ሪኮል ሲሰማ ምን ይማራል?

የዳላስ ዲስፓቸር፦
በሕይወት መቆየትን ይማራል። ያልተጠገነለት ሁሉ ቼክ እስኪደርሰው በሕይወት ይቆያል ያለህ ማነው?

ጋሽ አሥራ ስምንት ጎማ፦
ብየዳ ካላችሁ እኔም ጥያቄ አለኝ። የንግድ መኪና ደንብ 393.209 የመሪ ቦል ጆይንት፣ መገጣጠሚያው፣ በብየዳ የተጠገነ እንዳይሆን ይከለክላል። ሆትሾቱ፣ በፒካፕ ጭነት የሚያመላልሰው፣ ከነተጎታቹ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ለሥራ ከስቴት ስቴት ከተሻገረ እሱም በዚሁ ደንብ ነው የሚዳኘው። ሚዛን ጣቢያ ላይ ከሥር የገባ ኢንስፔክተር ብየዳ ሲያይ ምን ይላል? ለእኔ የተከለከለው ለእነሱ መፍትሔ ሆነ?

መካኒክ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ደንቡ የሚከለክለው መገጣጠሚያውን ነው፣ ይኸኛው ዳዶውና እጅጌው ላይ ነው። በወረቀት ልዩነት አለው። ጭቃ በለበሰ ዘንግ ሥር በጀርባው ለተኛ ኢንስፔክተር ግን ልዩነቱ ሁለት ጣት ያህል ነው። የሪኮሉ ደረሰኝ ጋቢና ውስጥ ይኑር።

ሪድ ኦንሊ፦
ቀልዱን ልተው። ቅዳሜ የ2016 ራም 3500 ላይ ልሄድ ነው፣ ያገለገለ። ሻጩ ሪኮሉን ሳያሠራ ሊሸጥልኝ ይችላል እንዴ?

የሕግ ተማሪ፦
ይችላል። አዲስ መኪና ነው ሪኮሉ ሳይሠራ እንዳይሸጥ የተከለከለው። ያገለገለ የሚሸጥን ዲለር የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። 17 ቁጥርና ፊደል ያለውን ቪን፣ የመኪናውን መለያ፣ ኒትሳ ድረ ገጽ ላይ አስገባ፣ ያልተሠራ ካለ ይነግርሃል።

ሆትሾት ዴንቨር፦
አትግዛው።

መካኒክ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አያስፈራህ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳይሆን እየሠራ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ ያወዛውዝልህ፣ አንተ ከጎን ሆነህ ዘንጉን ተመልከት። እጅጌው ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ዋጋ ሳትጠይቅ ተመለስ። ካልተንቀሳቀሰ ዳዶውን በስልክ መብራት አንስተህ እዚህ ላክልን፤ ፎቶው ከመጣ በኋላ ከዴንቨር ጋር እንቀጥላለን።