ደላላው ቀብድ ይላል፤ በቦሌ ስትሄድ ከፋዩ ማን ነው?

የሐይቅ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም ያ ጀማዓ። እህቴ ለቤት ሥራ ሳዑዲ ልትሄድ አስባለች። አንዱ ደላላ "ለቪዛና ለትኬት" ብሎ ቀብድ ጠይቋል። ሌላው ደግሞ "በባሕር በነጻ አደርሳታለሁ" ይላል። በሕጋዊው መንገድ የእኛ ወጪ የቱ ነው? ከምን እንጀምር?

ቦርከና፦
ወአለይኩም ሰላም። ቪዛም ትኬትም የእናንተ ዕዳ አይደለም። በአዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ክፍያ በአሠሪው ላይ ነው። እሷ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለሚለው ማስረጃ፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባትና ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ነው። "የፕሮሰስ" የሚባለውን ደረሰኝ ጠይቁት፤ አይሰጣችሁም።

መጀመሪያ ሰነድ አስተካክሉ። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚመላለሰው በስም ነው፦ ፋይዳው ላይ "ሰይድ"፣ የልደት ወረቀቱ ላይ "ሰኢድ"። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብስበታል። ሁሉም ፊደል በፊደል ካልገጠመ ፓስፖርት አታስወጡ። የልደት ዘመኑንም እዩ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ የተወለደ ሰው ወደ ፈረንጅ ሲቀየር የሚደመረው 7 ነው። ጸሐፊው በደፈናው 8 ከደመረ አንድ ዓመት ትቀንሳለች። ዕድሜዋ የደረሰ ልጅ በዚህ ብቻ "አልደረሰችም" ተብላ ትወድቃለች።

ከዚያ በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ ምዝገባና አሻራ፣ ሥልጠና፣ ምዘና። የጤና ምርመራውን ኤጀንሲ ሳይያዝ ቀድማችሁ አታሠሩ፤ ውጤቱ ጊዜው ያልፍና ድጋሚ ትከፍላላችሁ። ድሮ ሳንባ ነቀርሳ ታማ ከነበረ ብትድንም ጠባሳው ራጅ ላይ ከታየ "አንፊት" (ለሥራ ብቁ አይደለችም) ሊሏት ይችላሉ።

የባቲ ሰኞ፦
የ"በነጻ"ው ዋጋ የመን ላይ ነው የሚጠየቀው። በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ያስገባሉ፤ ከኦቦክ በጀልባ ያሻግራሉ፤ እዚያ ይዘው "ገንዘብ ላኩ" ብለው ለቤተሰብ ይደውላሉ። ያኔ በሬውም ይሸጣል፣ መሬቱም ይከራያል። ደላላው ቀብድ ያልጠየቀው አዝኖላችሁ አይደለም።

ፖሊሲውም እጁ አለበት። በ2006 ጉዞው ሲታገድ ፍላጎቱ አልቆመም፤ በቦሌ የነበረው ወደ በረሃው ዞረ። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። በዚያው በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው መልሳ ነበር፤ ሥራና መሬት ያላገኘው ብዙው ዞሮ ሄደ። ዛሬም ሥልጠናና ምዘናው በተጓተተ ቁጥር ገበያው የበረሃው ደላላ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ውሉን ሳታነቡ አታስፈርሟት። ደመወዙ በሪያል ይጻፍ። የአሠሪው ስምና ስልክ፣ የውል ቁጥሩ ፎቶ ተነስቶ እናንተ ጋ ይቅር። ሙሳነድ (የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ቅጥር መመዝገቢያ) ላይ ከተመዘገበው አሠሪ ሌላ ቤት ወስደው ካሠሯት ችግር ነው፤ ጥላ ከወጣች ደግሞ "ሁሩብ" (ጠፍታለች) ብለው ያስመዘግቡባትና ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ለኤጀንሲውና ለኤምባሲው ታሳውቅ። ፓስፖርቷን አሠሪው መያዝ አይችልም፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት።

ሳትሄድ በስሟ የባንክ ሒሳብ ትክፈት። ገንዘቡ "ለወንድሜ ይላክ" ተብሎ በእሱ ስም የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ስንቱን ፍርድ ቤት አቁሟል (አንተን ማለቴ አይደለም፣ ወንድምዓለም)። ቤት የሚገዛላት ወይም የሚሸጥላት ሰው ካለ ልዩ ውክልና እዚሁ ሰጥታ ትሂድ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይበቃም፤ ከዚያ መላክ ደግሞ ሪያድ ወይም ጅዳ ድረስ ያስኬዳል፤ ማዳም መቼ ፈቅዳላት!

የሐይቅ ልጅ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር። ደላላው "ኤጀንሲ ወክዬ ነው" ቢልስ?

ቦርከና፦
አብሽር። የኤጀንሲውን ስም ብቻ ተቀበሉትና ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ፈቃዱ እንዳልታገደ አጣሩ። ስም አልሰጥም ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ።