ጎል የማያገባ አጥቂ ተስፋ እንዳለው በምን ይታወቃል?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም የኳስ ቤተሰቦች። ያለሁት ሀዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ሰፈራችን ፕሮጀክት ውስጥ ይጫወታል። ከልጅነቱ 9 ቁጥር ነበር፣ ሥራው ማግባት ነበር። ዘንድሮ ረዘም ያለ፣ አጨራረሱ የሚያምር ሌላ አጥቂ መጣና አሰልጣኙ ወንድሜን ሳብ አድርጎ ከአጥቂው ጀርባ አሰለፈው። ከዚያ ወዲህ በ11 ጨዋታ ያገባው 2 ጎል ነው። የሚገርመው ግን አሰልጣኙ አንድ ቀን እንኳ ቀይሮት አያውቅም። አባዬ "ልጁን አበላሹት፣ ሌላ ቡድን ፈልግለት" ይለኛል። እኔ ሳየው ጎበዝ ይመስለኛል፣ ግን ምኑን አይቼ እንደምፈርድ አላውቅም። የምታውቁ እርዱኝ።

አሞራ ገደል፦
ወንድሜ፣ ጎሉን ለጊዜው ተወው። ታዳጊዎችን ለተወሰኑ ዓመታት አሰልጥኛለሁ፣ መጀመሪያ የማየው ልጁ ኳስ ሲነጠቅ የሚያደርገውን ነው። እጁን ዘርግቶ ወደ ዳኛው ይጮሃል ወይስ ወዲያው ዞሮ ይከተላል? ሁለተኛ፣ ኳስ እግሩ ሳይደርስ አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል? ይሄ የማይታይ ነገር ይመስላል፣ ግን ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወት ልጅ ሳያይ ከተቀበለ ሁልጊዜ ተከላካይ ላይ ነው የሚዞረው። ሦስተኛ፣ ኳስ ሳይኖረው የሚሮጠው ሩጫ ለሌላው ቦታ ይከፍታል ወይስ ዝም ብሎ መሮጥ ነው?

የ2018ቱን የዓለም ዋንጫ አስታውስ። የፈረንሳዩ ዢሩ 9 ቁጥር ሆኖ 546 ደቂቃ ተጫውቶ ኢላማውን የጠበቀ አንድም ሙከራ አላደረገም። ሰው ሁሉ ስቆበታል። ተከላካዮችን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲታገል ግን ግሪዝማንና ምባፔ 4፣ 4 ጎል አገቡ፣ ዋንጫውም መጣ። አሰልጣኙ ከቋሚ አሰላለፍ ያላወጣው እብድ ስለሆነ አይደለም። የወንድምህ አሰልጣኝም የሚያየው ነገር አለ፣ ሂድና በአክብሮት ጠይቀው።

የድሮ ተመላላሽ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን አባትህንም ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። በ17 ዓመት "አንተ አጋዥ ነህ" ተብሎ የተመደበ ልጅ ቀስ በቀስ ጎሉ ፊት መድረሱን ይተዋል። እኔ የደረሰብኝ ይሄ ነው። አጥቂ ነበርኩ፣ አንድ አሰልጣኝ ሰው ስለጎደለው ብቻ ተመላላሽ (በመስመር ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሮጥ ተከላካይ) አደረገኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግራ እግሬ መምታት ረሳ። ስለዚህ አሰልጣኙን ስትጠይቀው ቦታው ለልጁ የተመረጠው ስለሚችለው ነው ወይስ ክፍተት ለመሙላት ብለህ በግልጽ ጠይቀው።

አዳነ ግርማ የዚህችው የሀዋሳ ልጅ ነው። አጥቂም አማካይም ሆኖ ተጫውቷል። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ዛምቢያ ላይ በ10 ሰው እየተጫወትን አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው እሱ ነው። ቦታ ቢቀያየርም አጨራረሱን አልጣለም። ወንድምህ ከልምምድ በኋላ በየቀኑ 20 ኳስ ጎል ላይ ይምታ። ለዚህ በረኛ እንኳ አያስፈልገውም።

ከኤድመንተን፦
የሀዋሳ ልጅ ነኝ፣ ካናዳ ከገባሁ ቆየሁ። እዚህ ሆኪ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ አጋዥ አጥቂ ያለኝ አመለካከት ተቀይሯል። በበረዶ ላይ የሚደረግ የገና ጨዋታ በሉት። አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ 12 አጥቂ ይዞ ይገባል፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ በ4 መስመር ይከፈላሉ፣ አንዱ መስመር አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣና ሌላው ይገባል። ጎል የሚጠበቀው በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። የሦስተኛውና የአራተኛው መስመር ልጆች ኳሷን (ፓክ ይሏታል) ከግድግዳ ጥግ ታግለው ያወጣሉ፣ ቡድኑ በቅጣት ለ2 ደቂቃ ሰው ሲጎድልበት ገብተው ይከላከላሉ። እንዲያውም ለመከላከል ለሚተጋ አጥቂ ሴልኪ የሚባል ሽልማት አለ፣ የቦስተኑ ቤርዠሮን 6 ጊዜ ወስዶታል። እሱ ግን ማግባትም የሚችል ሰው ነበር፣ ስለዚህ የድሮ ተመላላሽ ያለው ልክ ነው።

እዚህ ወጣት ሲመዘን የሚጠየቀው እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ገባበት ነው። ደብተር ይዘህ ቁጠርለት፣ ቀላል ነው።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ደብተር ይዤ ሄድኩ። 2 ለ 1 አሸነፉ፣ እሱ አላገባም። የመጀመሪያው ጎል ላይ እኔም እንደ በፊቱ ብሆን አላየውም ነበር። ኳስ ሊቀበል ወደ ኋላ ሲመጣ መሀል ተከላካዩ ተከትሎት ወጣ፣ ወንድሜ ኳሷን ሳያቆማት በአንድ ንክኪ ለአማካዩ መለሰለት፣ ረጅሙ ልጅ በተለቀቀው ቦታ ሮጦ ገባና ጨረሳት። ሰዉ ሁሉ ወደ አግቢው ሲሮጥ እሱ ጉልበቱን ይዞ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር።

አሰልጣኙንም አናገርኩት። "ከረጅሙ ልጅ ጋር ያሰለፍኩት ኳስ ሳይመጣለት የሚያይ ልጅ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው" አለኝ። 20ዋን ኳስ ግን ወዶታል፣ ከሰኞ ጀምሮ ለሁለቱም አጥቂዎች ያስጀምራል። የሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬን ይዤው እሄዳለሁ፣ ደብተሩን እሱ ነው የሚይዘው።