የፈረሰው ክልል ዶሴ የት ይቀመጥ?

የይርጋለም ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ያልተስማማንበትን ነገር እዚህ ላምጣው። የድሮው ደቡብ ክልል አሁን የለም። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የየራሳቸው ክልል ሆኑ። ንብረቱም ሠራተኛውም ተከፋፈለ። አሮጌው ዶሴስ? እሱም እንደ መኪናና ጠረጴዛ ይከፋፈል ወይስ አንድ ላይ ይቀመጥ?

እኔ አይከፋፈል ባይ ነኝ። ወረቀቱ በዕድሜ ከክልሉ ይበልጣል። ከክልሉ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ ከዚያም ክፍለ ሀገር ተባለ። ዋና ከተማው መጀመሪያ ይርጋለም፣ ኋላ ሐዋሳ ነበር። በሥሩ ሲዳማ ብቻ አልነበረም። ወላይታ፣ ያኔ ደራሳ ይባል የነበረው ጌዴኦ፣ ጀምጀም፣ ቦረና፣ አሬሮ ሁሉ አውራጃዎቹ ነበሩ። በዛሬው ካርታ ይህ ሦስት ክልል ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ ላይ ለአራት አውራጃ የጻፈውን እንዴት አድርገን ነው የምናካፍለው?

የሶዶዋ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን «አይከፋፈል» ማለት ሲተረጎም «ባለበት ሐዋሳ ይቅር» ማለት ነው። ሐዋሳ ዛሬ የሌላ ክልል ዋና ከተማ ናት።

የደረሰብንን ልንገርህ። አባቴ ሶዶ፣ ዲላና አርባ ምንጭ አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ የ4 ዓመት የአገልግሎት ማስረጃ ጎደለ። አንዱ ቢሮ «ማህደሩ ወደ አዲሱ ክልል ሄዷል» አለን። አዲሱ ክልል ሄድን። «እኛ ጋ አልደረሰም» አሉ። አባቴ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ቅጂ በፌስታል ጠቅልለው በየኮሪደሩ ቆሙ። ማኅተሙ ደብዝዞ ክቡ ብቻ ነው የሚታየው። «ዋናውን አምጡ» ተባሉ። እስከ ዛሬ አራቱ ዓመት አልተቆጠረላቸውም። ወረቀቱ ባለጉዳዩ ያለበት ይምጣ የምለው ለዚህ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ከሕገ መንግሥቱ እንነሳ። አንቀጽ 52(1) ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው ይላል። አንቀጽ 51(3) ደግሞ ለባህልና ለታሪክ ቅርስ ጥበቃ አገር አቀፍ መስፈርት የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው ይላል። ስለዚህ ክልሎቹ የራሳቸውን ወረቀት የመያዝ መብት አላቸው።

የጠቅላይ ግዛቱ ግን ይለያል። ጠቅላይ ገዢውን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ሪፖርት የሚላከው ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ያ ወረቀት የማዕከላዊ መንግሥት ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር በ1936 የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ በ1991 በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ሆኖ ተቋቁሟል። ከ1983 በፊት ያለው ሁሉ አዲስ አበባ ይግባ።

የነገሌ ልጅ፦
ስለ ደቡብ ስታወሩ እኛን ማንም አያነሳንም። ከ1984ቱ አከላለል ጀምሮ ኦሮሚያ ነን። ግን የአያቶቻችን ጉዳይ በሲዳሞ ስም ነው የተጻፈው። የግጦሽ ክርክር፣ የኤላ (የውሃ ጉድጓድ) ክርክር፣ የከብት ግብር። «የአራቱ ክልሎች ንብረት» ብላችሁ ስትዘጉት እኛ ውጭ ቀረን።

አዲስ አበባ ይግባ ለሚለው ወንድሜም መልስ አለኝ። አሁን የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ አጠገብ ነው። የከተማዋ ቤተ መዛግብት በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፈርሷል። አጠገቡ የከርሰ ምድር ባቡር መስመር እየተሠራ ነበር። ሕንፃው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ገባ። በጎረቤት ቤት የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ከሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄድ ወረቀት ጭቃና ውሃ ውስጥ ተቀበረ። አብዛኛውን ለቅመው አውጥተውታል፣ ጥገናው ግን ዕድሜ የሚፈጅ ነው። ይሄ በጀርመን ነው! ሁሉን አንድ ጣሪያ ሥር አስገቡ ስትሉ እኔ የሚታየኝ ያ ጉድጓድ ነው።

ሰላም ይቅደም፦
እኔ ከሁላችሁም ተለይቼ ልናገር። እነዚህ ወረቀቶች ለጊዜው ባይከፈቱ ይሻላል። የአውራጃ ወሰን ደብዳቤ ይዞ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። «በ1950ዎቹ ይህ ቀበሌ የኛ ነበር» ይላል። ወንድም ከወንድሙ ይጋደላል። ታሪክ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰው ይኑር።

የይርጋለም ልጅ፦
@ሰላም ይቅደም፣ ፍርሃትህ እውነተኛ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን አሁንም ቢሆን የደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ግማሹ ተቆርጧል፣ መልሱ የለም፣ ቀኑ አይነበብም። ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። ስለ 1952ቱ የጌዴኦ ገበሬዎች የሚጪሌ አመጽ ማወቅ የፈለገ ሰው የአውራጃውን ደብዳቤ ብቻ አንብቦ አይገባውም። ይርጋለም ምን ብሎ መለሰ? አዲስ አበባስ ምን አዘዘ? ጥያቄና መልሱ ተለያይተው ሁለት ክልል ከተቀመጡ እያንዳንዱ ወገን የሚጥመውን ግማሽ ይዞ ይቀራል።

ፈረንሳዮች ይህን ቀድመው አይተውታል። እንደ አውሮፓውያን በ1796 በየዲፓርትመንቱ ዋና ከተማ ቤተ መዛግብት እንዲኖር አዘዙ። በ1841 ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ተነጣጥሎ ከሌላ እንዳይቀላቀል መመሪያ አወጡ። ቅርብም ነው፣ ሙሉም ነው። የኔ ሐሳብ ይሄው ነው፤ ዋናው ሳይነጣጠል ይቀመጥ፣ ቅጂው ግን ስካን ተደርጎ ሶዶም፣ ቦንጋም፣ ሆሳዕናም፣ ነገሌም ይድረስ።

የሶዶዋ መምህርት፦
ቅጂ? አባቴን «ዋናውን አምጡ» ያሏቸው እኮ ቅጂ ይዘው ነው!

የሕግ ተማሪ፦
እሱ የሚፈታ ነው። ዋናውን የያዘው ክፍል «ትክክለኛ ግልባጭ» ብሎ ማኅተም ከመታበትና ከፈረመበት፣ ሌላው ቢሮ እንዲቀበል በአራቱ ክልሎች ስምምነት ማስገደድ ይቻላል። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ አገሮች ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ እንኳ እንደ አውሮፓውያን በ2001 ንብረት ሲካፈሉ ስለ መዛግብት ራሱን የቻለ አባሪ ፈርመዋል። እኛ አንድ አገር ውስጥ ሆነን እንዴት ያቅተናል?

ለወሰኑ ጉዳይ ደግሞ፣ የድሮ ርስት ወረቀት ዛሬ መሬት አይመልስም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎታል።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦
ልጆቼ፣ ሳነባችሁ ቆየሁ። 30 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሁላችሁም ስለ ቦታ ታወራላችሁ፣ ቁልፉን ግን ማንም አልነካውም።

ቁልፉ የገቢና የወጪ መዝገብ ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን እንደመጣ፣ ጉዳዩ፣ የገባበት ፋይል ቁጥር እየተባለ በዓምድ ይሞላል። ደብዳቤ ሲገባ መጀመሪያ እዚያ ይሰፍራል፣ ከዚያ ወደ ዶሴው ይሄዳል። አለቃ «ያንን ደብዳቤ አምጣ» ሲለኝ ዶሴ አላገላብጥም ነበር። ደብተሩን ከፍቼ ጣቴን በዓምዱ ላይ ወደ ታች እሰድና በሁለት ደቂቃ አወጣለሁ።

ርክክቡን ዓይቻለሁ። ዶሴው በሲባጎ ታስሮ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ደብተሮቹ እግር ከሌላቸው ወንበሮች ሥር ቀሩ። «አሮጌ ደብተር ምን ያደርጋል?» ተባለ። ለመንኩ፣ የሰማኝ የለም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያመኛል። ዶሴ ያለ ደብተሩ ሲሄድ ዕውር ሆኖ ነው የሚሄደው። ተቀባዩም ምን እንደተረከበ አያውቅም፣ ሰጪውም ምን እንደሰጠ አያውቅም።

ወረቀቱም ጊዜ የለውም። በካርቦን የወጣው ስስ ግልባጭ ደብዝዟል። ስፒሉ ዝጎ በልቶታል፣ ስታነሱት በዛገው ቀዳዳ በኩል ይቀደዳል። በ1983 የመንግሥት ወረቀት ኦቾሎኒ ሲጠቀለልበት ገበያ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሐዋሳ ይሁን፣ ሶዶ ይሁን፣ አዲስ አበባ ይሁን ከማለታችሁ በፊት ያለውን ቁጠሩ። ደብተሮቹን ከያሉበት ሰብስቡ። መጀመሪያ ስካን የሚደረጉት እነሱ ናቸው።

የነገሌ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ደብተሩ ከወጣ የኛም ጉዳይ የት ዶሴ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል ማለት ነው። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

የሶዶዋ መምህርት፦
እኔ በቦታው ገና አልተስማማሁም። ቅጂው በቂ ነው የሚል የተፈረመ ነገር ሳላይ ዋናው ሐዋሳ ይቅር አልልም። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የአባቴ ማህደር ጠፍቷል ማለት ነው?

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦
ልጄ፣ ላይጠፋ ይችላል። የት እንዳለ የሚናገረው ደብተር ይሆናል የጠፋው። እስኪገኝ ድረስ በሌላ በር ግቢ። አባትሽ ደመወዝ ሲበሉ ፔሮል ላይ ፈርመዋል። ፔሮል ከግል ማህደር ጋር አይቀመጥም፣ ሂሳብ ክፍል ነው የሚገኘው። ያስተማሩበት ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂጂና የነዚያን 4 ዓመታት ፔሮል በማመልከቻ ጠይቂ። በቃል አትጠይቂ፣ በጽሑፍ አስገብተሽ ቁጥር አስመቺበት። ወራቱንም ለይተሽ ጻፊ። ያለዚያ «ብዙ ነው፣ አይፈለግም» ይሉሻል።

የሶዶዋ መምህርት፦
ከመስከረም 1979 እስከ ሰኔ 1982 ነው። ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር እንሄዳለን።