ደረሱላቸው ወይስ ደረሱባቸው?

ያገባኛል፦
ትናንት እዚህ የተለጠፈውን የኮአላ (ዛፍ ላይ የሚኖረው የአውስትራሊያ ባለከረጢት እንስሳ) ዜና አነበብኩት። "የቪክቶሪያ መንግሥት በቃጠሎ የተጎዱ ኮአላዎችን ከስቃይ ገላገለ" ይላል። ገላገለ! በመጋቢት 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በቡጅ ቢም ብሔራዊ ፓርክ መብረቅ ያስነሣው እሳት 2,200 ሄክታር ገደማ በላ። ከዚያ አልሞ ተኳሽ በሄሊኮፕተር ተጭኖ ወጣ። ሚያዝያ ሲጋመስ ከ700 በላይ ኮአላ በተቀመጠበት ዛፍ ላይ ተገድሏል። ሕዝቡ ጉዳዩን የሰማው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ይህን "መገላገል" ያለ ሰው መዝገበ ቃላቱን ከየት አመጣው?

ሐኪመ እንስሳ፦
ትርጉሙ የእኔ ነው፤ ቃሉንም አላነሣም። ኮአላ መዳፉ ሲቃጠል ነገሩ ቁስል ብቻ አይደለም። የጥፍሩ ሥር ከሞተ ጥፍሩ አይመለስም፤ ጥፍር የሌለው ኮአላ ዛፍ አይወጣም፤ ካልወጣ አይበላም። ሰውነቱ ያልተቃጠለውም ቢሆን ምግቡ አርሮበታል። አንዱ በቀን ከ500 እስከ 800 ግራም ቅጠል ይፈልጋል፤ ያውም የመረጠውን። እዚያ ፓርክ ውስጥ የሚመርጠው ማና የሚባለውን ባሕር ዛፍ ነው። ሆዱ ባዶ ከሰነበተ አንጀቱ ውስጥ ቅጠሉን የሚያብላሉለት ረቂቅ ሕዋሳት ይመናመናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠል ብትከምርለት አይጠቅመውም። መሬቱ ደግሞ ላቫ (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ) የረጋበት ቋጥኝ ነው፤ ዛፉም ውስጡ ነድዶ ሳይታሰብ የሚገነደስ። ከመሬት መድረስ አይቻልም ነበር። የቀረው ከላይ መድረስ ወይም ትቶ መሄድ ነው።

ነገር ፈላጊ፦
"ከላይ መድረስ" አሉ ሐኪማችን። አማርኛ እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው፤ የሚደርስልህ አለ፣ የሚደርስብህ አለ። ሄሊኮፕተሩ የቱን ነው ያደረገው?

ለመሆኑ ያ "ከመሬት የማይደረስበት" ላቫ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ዩኔስኮ በ2019 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እኮ ነባሩ የጉንዲጅማራ ሕዝብ በዚያው ላቫ ላይ ድንጋይ እየደረደረ ቦይ ሠርቶ እባብ መሰሉን ዓሣ ሲያጠምድበት ስለኖረ ነው፤ ቢያንስ 6,600 ዓመት። ይህን ያህል ዘመን ያለ ሄሊኮፕተር የተደረሰበት መሬት በ2025 አልደረስ አለ?

ቁጥቋጦ፦
ቦዩ መሬት ላይ ነው፤ ኮአላው ጫፍ ላይ። ቀልዱ ያምራል፣ ግን አያስኬድም።

ከቃጠሎ በኋላ የእንስሳ ቡድን ከመግባቱ በፊት ዛፍ የሚያውቅ ሰው ይገባል። ሥሩ የነደደውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ግማሹ ተቆርጦ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያለበትን እያየ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ባለበት ሥር ማንም አይቆምም። ኮአላ ለመያዝ ግን የግድ ከሥሩ መቆም አለብህ። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ታስርና ከጭንቅላቱ በላይ ታወዛውዝበታለህ፤ ያንን እየሸሸ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች ጆንያ የያዘ ሰው ይቀበለዋል። ዘንጉ ካልበቃ ገመድ ያሰረ ሰው ይወጣል፤ በተቃጠለ ግንድ ላይ ደግሞ ማንም ኃላፊ ሰው አያስወጣም። ሦስተኛው መንገድ ግንዱን በአጥር ከብቦ ወጥመድ መተው ነው፤ ኮአላው ዛፍ ሊቀይር ሲወርድ ራሱ ይገባል። ይህ ለአሥር ዛፍ ይሠራል። ለሺህ ዛፍ አጥርም ሰውም አይበቃም፤ በየጠዋቱም ሁሉንም ዞረህ ማየት አለብህ።

ስለዚህ ሐኪሙ በግማሽ ልክ ነው። የዘለለው ግን ዋናውን ነው፦ ከአየር ላይ የሚድነውና የማይድነው በምን ተለየ?

ያገባኛል፦
እሱን ነው የምለው! የኮአላ አቋም የሚመዘነው ትከሻ አጥንቱ ላይ ያለውን ጡንቻ በጣት ዳብሶ ነው። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ስለሆነ የከሳውም ከሩቅ ድብልብል ይመስላል። መዳፉ ደግሞ ቅርንጫፍ ስለሚጨብጥበት አይታይም። "በባይኖኩላር ተገምግመዋል" አሉን። ባይኖኩላር ይዳብሳል?

ከረጢቷስ? ኮአላ በብዛት የምትወልደው በእነሱ በጋ ነው፤ ግልገሉ ስድስት ወር ገደማ ከረጢት ውስጥ ይቆያል። ሚያዝያ ላይ ከረጢቷ ባዶ ነው ብሎ የሚምል ማን ነው? እዚያው አገር ካንጋሩ የሚተኩስ ባለሙያ የሚተዳደርበት ደንብ የገደልካትን እናት ከረጢት ፈትሽ፣ ግልገል ካገኘህ ወዲያው ግደል ይላል። ለሥጋና ለቆዳ የሚታደነው ካንጋሩ የተሰጠው ጥንቃቄ "ለርኅራኄ" ለተገደለችው ኮአላ አልተሰጣትም። ተመትታ ቅርንጫፍ መገናኛ ላይ ተሰክታ የቀረችውን ማን ወጥቶ ይፈትሽ? ቁጥቋጦ ራሱ ሰው አይወጣም ብሎናል።

ሐኪመ እንስሳ፦
አይዳብስም። ግን ቅጠሉ ባለቀበት ዛፍ ላይ የተቀመጠ ኮአላ ዛሬ ጡንቻ ቢኖረው ከሰነባበተ አይኖረውም። ጆሮና አፍንጫው የተቃጠለ፣ በጠራራ ቀን መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ሄሊኮፕተር ሲጠጋው የማይነቃነቅ፤ እነዚህ ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

ሆስፒታል ነው የምታስቡት። ሒሳቡን ልሥራላችሁ። 700 ኮአላ በቀን ከ350 እስከ 560 ኪሎ ቅጠል ይበላል። ይህ የሚበላው ነው፤ ለስላሳ ጫፉን እየመረጡ ስለሆነ የሚበሉት የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ብዙ እጥፍ ነው፤ በየቀኑም ትኩስ መሆን አለበት። የመዳፍ ቁስል ደግሞ በሰመመን ታጥቦ፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባል የቃጠሎ ቅባት ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በየጥቂት ቀኑ እየተፈታ እንደገና ይታሰራል፤ ለሳምንታት፣ ሲብስ ለወራት። በአፍ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያንኑ የአንጀት ሕዋስ ስለሚጎዳ ሐኪም እየፈራ ነው የሚሰጠው። ለ700 ይህን የሚያደርግ ተቋም የለም።

ነገር ፈላጊ፦
ሁሉንም አሳክሙ ያለ ሰው በሌለበት የ700 ሒሳብ! የተባለው ደርሳችሁ ለዩ ነው። በ1994 ፖርት ስቲፈንስ አጠገብ ደን ተቃጥሎ የታከሙት ኮአላዎች ሬዲዮ ታስሮላቸው ሲለቀቁ ካልተቃጠሉት ባልተናነሰ ኖረዋል፤ ወልደዋልም። "የተቃጠለ ኮአላ ያው ሟች ነው" የሚለው ጨዋታ ያኔ ነው ያበቃው። መጀመሪያ "መድረስ አይቻልም" ነበር፣ አሁን "ማከም አይቻልም" ሆነ። ነገ "ማየት አይቻልም" ሳይሉን አይቀሩም።

ቁጥቋጦ፦
ፖርት ስቲፈንስ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ነው፤ እዚያ ኮአላ ጥቂት ነው፣ ከ2022 ጀምሮም በመጥፋት ላይ ካሉት ተመዝግቧል። ቪክቶሪያ አልተመዘገበም፤ የግዛቱ ግምት ወደ 460,000 ይጠጋል። ግምቱን የሚጠራጠሩ አሉ፣ እሺ። ልዩነቱ ግን እውነት ነው።

ሁለታችሁም የረሳችሁት ፓርኩ ከእሳቱ በፊት ታሞ እንደነበር ነው። ማውንት ኤክልስ በሚባልበት ዘመን፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ሴቶቹ እየተያዙ ከቆዳቸው ሥር የወሊድ መከላከያ ይቀበርላቸው ነበር፤ ማናውን ግጠው እያደረቁት ስለነበር። ዙሪያውን ደግሞ የግሎቡለስ ተክል ነው፤ ያው እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው። ኮአላ እዚያ ገብቶ ይራባል፤ ተክሉ ደርሶ ሲቆረጥ ወደ ፓርኩ ይጎርፋል። ባሕር ዛፍ ከተቃጠለ በኋላ ከግንዱ ያቆጠቁጣል፤ የሚያቆጠቁጠው ግን ባጠራቀመው ስንቅ ነው። ለዓመታት ሲጋጥ የኖረ ማና ስንቁ አልቋል፤ ያቺን ለምለም ቡቃያ ደግሞ የተረፉት ኮአላዎች ከወጣች አይለቋትም። "ትንሽ ቢጠብቁ ያቆጠቁጥ ነበር" የሚለው ክርክር በጤነኛ ደን ላይ እንጂ እዚህ አይጸናም።

ያገባኛል፦
ስለዚህ እሳቱ ሰበብ ነበር ማለት ነው! አመሰግናለሁ ቁጥቋጦ፣ ከእኔ በላይ ተከራከርክልኝ። ቁጥር መቀነስ ሲፈልጉ ኖረው እሳት ሲመጣላቸው "ርኅራኄ" አሉት።

ቁጥቋጦ፦
እንዲያ አላልኩም። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ላይ ሲቀመጡ ማን የቱን እንደሠራ አይታወቅም ነው ያልኩት። እዚያው ቪክቶሪያ ያለውን ኬፕ ኦትዌይን አስታውሱ፤ በ2013 እና 2014፣ እሳት በሌለበት፣ በረሃብ ምክንያት 686 ኮአላ ተገድሏል። ያኔ ግን እያንዳንዱ በእጅ ተይዞ፣ ተመርምሮ፣ በመርፌ ነው። ለሕዝብ የተነገረው በ2015 ነው። ዘዴው ጥሩ፣ ዝምታው መጥፎ።

ሐኪመ እንስሳ፦
ኦትዌይ ላይ የቆመ ዛፍ ነበራ! ሰው ሥሩ መቆም ይችል ነበር።

ናሚብ፦
ለኮአላ ይህን ሁሉ ገጽ ታለቅሳላችሁ። ናሚቢያ በነሐሴ 2024 በድርቁ ምክንያት 723 እንስሳ ልትገድል ነው ሲባል ዓለም "ጭፍጨፋ" ብሎ ጮኸ። 300 የሜዳ አህያ፣ 100 ዋይልድቢስት፣ 100 ኢላንድ፣ 83 ዝሆን፣ 60 ጎሽ፣ 50 ኢምፓላ፣ 30 ጉማሬ፤ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ፣ በይፋ ታውጆ። ወሩ ሳያልቅ 157 ታድኖ ከ56 ቶን በላይ ሥጋ ለተራበ ሰው ተከፋፍሏል። አፍሪካዊ ሲያደርገው ጭፍጨፋ፣ ነጭ ሲያደርገው ግልግል።

ያገባኛል፦
እኔ የቱንም ግልግል አላልኩም! ርዕሱን መለስ ብለህ አንብብ።

ነገር ፈላጊ፦
ናሚብ፣ የአንተዎቹ ቢያንስ አልዋሹም፤ "ልንበላው ነው" አሉ። ግን ድርቅ ላይ ያለ ዝሆን ለመግደል 83 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሣሩ ነው ወይስ ከሥጋው ፍላጎት? ከሥጋው ከሆነ የአካባቢ ጥበቃን ስም ለምን ያነሡታል?

ናሚብ፦
ከሁለቱም። ውኃ ያለበት ቦታ ተሰብስበው ሣሩን ይጨርሳሉ፣ ከሰውም ጋር ይጋጫሉ። አንተ ዝሆን አጥርህን አፍርሶ አያውቅም መሰለኝ።

ሐኪመ እንስሳ፦
ዝሆን ካነሣችሁ፣ "ከላይ መድረስ" ሲበላሽ ምን እንደሚመስል የደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ያሳያል። ከ1967 እስከ 1994 ከ14,000 በላይ ዝሆን ነው የቀነሱት። ለረጅም ጊዜ ከሄሊኮፕተር የሚወረውሩት ስኮሊን ነበር፤ ጡንቻ ያሽመደምዳል እንጂ አያደነዝዝም፤ እንስሳው እያወቀ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያንን ትተው ወደ ጠመንጃ የሄዱት ለዚህ ነው። ጥይት በትክክል ከተተኮሰ ከመርፌ የከፋ አይደለም።

ቁጥቋጦ፦
"በትክክል ከተተኮሰ"። ትክክል መሆኑ የሚለካው በሦስት ነገር ነው፦ ወዲያው የሞተው ከመቶ ስንት፣ ወዲያው ያልሞተው እስኪሞት ስንት ሰከንድ፣ ቆስሎ ያመለጠው ስንት። በግመልና በፈረስ ላይ ከአየር ሲተኮስ ተኳሹን የማይታዘዝ የእንስሳ ሐኪም ይህን እየመዘገበ ያውቃል። መሬት ወርዶ ሬሳውን እያየ ነው ታዲያ። ሬሳው ዛፍ ላይ ከቀረ ምን ይለካል?

ከክሩገር ደግሞ ሌላው ይወሰድ፤ ከተገደሉት መንጋዎች የተረፉት ግልገል ወንዶች ፒላንስበርግ ወደሚባል ሌላ ፓርክ ተወስደው ያለ ትልቅ ዝሆን ሲያድጉ በ1990ዎቹ ነጭ አውራሪስ ይገድሉ ነበር። መግደል ከሞተው ጋር አያበቃም።

ናሚብ፦
አለመግደልም እንደዚያው። የኬንያውን ጻቮ ፓርክ አስታውሱ፤ በ1970 እና 71 ድርቅ ኬንያ አንገድልም ብላ ዝሆን በሺዎች ሞተ፤ ያውም በብዛት እናቶችና ልጆች፣ ከውኃው ርቀው መሄድ ስላልቻሉ። ያ ነው እንግዲህ "አለመድረስ"።

ነገር ፈላጊ፦
ጻቮ ላይ ግን "ገላገልናቸው" ያለ የለም። እዚህ ቪክቶሪያ ላይ ፈቃድ ሰጪውም ፈጻሚውም ውጤት ገምጋሚውም ያው መንግሥት ነው። የሙቀት ካሜራ ያለው ድሮን እያለ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ የነደደው ጉቶ ሳይግል ቢበር፣ የት ዛፍ ላይ ስንት እንዳለ ከመተኮሱም በፊት ከተተኮሰም በኋላ ይቆጠራል። ያ ካርታ ይውጣና "መድረስ አይቻልም" የተባለው የትኛው ዛፍ፣ ከመንገድ ስንት ሜትር እንደሆነ እንይ።

ሐኪመ እንስሳ፦
ድሮን ሙቀት ያሳይሃል፤ ቁስል አያሳይህም። ካርታው ቢወጣም "ለምን በእግር አልሄዱም" ትላለህ።

ነገር ፈላጊ፦
እላለኋ። ከመንገድ 50 ሜትር ላይ ያለውን በሄሊኮፕተር ከገደሉት እላለሁ።

ያገባኛል፦
ሐኪሜ፣ የከረጢቱን ጥያቄ እስካሁን አልመለስክም።

ሐኪመ እንስሳ፦
መልሻለሁ። እናትየው ከተራበች ከረጢት ውስጥ ያለውም ወተት አያገኝም።

ያገባኛል፦
የጠየቅኩት ማን ፈተሸ ነው።