ጁፒተር መሬትን የሚበልጣት 11 ጊዜ ነው፣ 318 ወይስ 1,300?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴን ሳስጠና ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዱ መጽሐፍ ጁፒተር መሬትን 11 ጊዜ ይበልጣታል ሲል ሌላው 1,300 ጊዜ ይላል፤ አንድ መምህር ደግሞ 318 ጊዜ ነው አሉኝ። ለልጅቷ የትኛውን ልንገራት?

የሳይንስ መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት የተለካው ነገር ስለሚለያይ ነው። የመሬት ዲያሜትር በምድር ወገብ ላይ 12,756 ኪሎ ሜትር፣ የጁፒተር ደግሞ 142,984 ኪሎ ሜትር በመሆኑ፣ አሥራ አንድ መሬቶች ቢደረደሩ ጁፒተርን ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ጥቂት ብቻ ይቀራቸዋል። 1,300 የሚለው የይዘት፣ ማለትም ጁፒተር ስንት መሬቶችን የሚያህል ቦታ እንደሚይዝ የሚያሳይ ንጽጽር ነው። 318 የመጠነ ቁስ፣ ማለትም ፕላኔቱ የተሠራበት ቁስ ብዛት ንጽጽር ሲሆን፣ ከይዘቱ ይህን ያህል ያነሰበት ምክንያት ጁፒተር በአብዛኛው ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የተሠራ ስለሆነ ነው። መሬት ግን ዐለትና ብረት ስለሆነች አማካይ እፍግታዋ፣ ማለትም በእኩል ቦታ ውስጥ የታጨቀው ቁስ፣ በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 5.5 ግራም ሲደርስ የጁፒተር 1.3 ገደማ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ከስምንቱ ፕላኔቶች በእፍግታ የሚስተካከላት የለም። መሬትን «ትንሽ» ብሎ ብቻ ማለፍ ይህን ይሸፍናል፤ እኔ ብሆን ለእህትዎ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራት ይህንኑ ነበር።

የጦሳ ልጅ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዲያሜትሩን ብልጫ 11.2ን በራሱ ብናባዛው (11.2 × 11.2 × 11.2) የሚመጣው 1,400 ገደማ ነው። መቶው የት ገባ?

የሳይንስ መምህር፦
ጥሩ አይተሃል። ስሌትህ የሚሠራው ጁፒተር ፍጹም ድቡልቡል ቢሆን ነበር። ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ በራሱ ዛቢያ ላይ አንድ ጊዜ ለመዞር አሥር ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅበት ወገቡ ወደ ውጭ ተለጥጧል፤ ከዋልታ እስከ ዋልታ ሲለካ ዲያሜትሩ ከወገቡ 9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያንሳል፤ ይህም ከማርስ ሙሉ ዲያሜትር የሚበልጥ ልዩነት ነው።

ሌላ አንባቢ፣ ከደሴ፦
የመማሪያ ሥዕሎች ፕላኔቶችን ጎን ለጎን ስለሚደረድሩ መጠናቸውን ያሳያሉ እንጂ ርቀታቸውን አያሳዩም። ፀሐይን እዚህ ደሴ ፒያሳ አስቀምጠን ኔፕቲዩንን 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመንገድ ወርደን ኮምቦልቻ ብናደርገው፣ መሬት ከፒያሳ 830 ሜትር ገደማ ርቃ የምትቀመጥ ብርቱካን ታክላለች። ጁፒተር 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይዞ ከአራት ኪሎ ሜትር በኋላ ይገኛል። ፀሐይ ራሷ ግን ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ስለሚኖራት፣ ግዙፍ የምንለው ጁፒተርም በእሷ ፊት መሬት በጁፒተር ፊት እንደምታንሰው ያህል ያንሳል።