ለትንሽ ዝርያ ውሻ ደረቅ ምግብ ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

ጥያቄ፦ የቡቺ አሳዳጊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት የሞላው፣ የተኮላሸ ዮርክሻየር ቴሪየር ውሻ አለኝ። ሰሞኑን ለዓመታዊ ምርመራ ክሊኒክ ስወስደው ክብደቱ 3.5 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሟም ለቁመናው የሚስማማው 3 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑንና በመንጋጋ ጥርሶቹ ላይ ቆሻሻ መደንደን መጀመሩን ነገረችኝ። አመጋገቡን እንዳስተካክል መከረችኝ እንጂ ይህን ግዛ ብላ የአንድም አምራች ስም አልጠራችልኝም።

መደብር ስገባ ምርጫው ከበደኝ። አንዱ ከረጢት «ለትናንሽ ዝርያዎች» ይላል፣ ሌላው «እህል የሌለበት»፣ ሌላው «ተፈጥሯዊ»፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ነው። ለትናንሽ ውሾች ተብሎ የሚሸጠው በእርግጥ የተለየ ነገር አለው? እህል የሌለበት ይሻላል? ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል የሚባለውስ እውነት ነው? እናቴ ደግሞ «ፍጥረት እንዴት በደረቅ ፍሬ ብቻ ይኖራል» እያለች ከገበታዋ ታካፍለዋለች። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከረጢቱን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ፊት ለፊቱ ያለው ጽሑፍ ገዢን ለመሳብ የተጻፈ ነው፤ ለውሻዎ የሚጠቅመው መረጃ በስተጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመው ነው።

በመጀመሪያ የሚፈልጉት ምግቡ «የተሟላና የተመጣጠነ» መሆኑን የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ነው። በአሜሪካ ይህ ቃል የሚለካው በምህጻሩ አፍኮ የሚባለው የመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ማኅበር ባወጣው መመዘኛ ሲሆን፣ ምግቡ ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀም አብሮ ይነገራል። መመዘኛው ሁለት ነው፤ አንዱ ለሚያድጉ ቡችሎችና ለእርጉዝ ወይም ለምታጠባ እናት፣ ሌላው ለአዋቂ ውሻ። እርጥበቱ ተቀንሶ ሲሰላ ለአዋቂ ውሻ ፕሮቲን ቢያንስ 18 በመቶ፣ ስብ 5.5 በመቶ መሆን ሲኖርበት፣ ለሚያድጉት ደግሞ 22.5 እና 8.5 በመቶ ነው። ለትናንሽ ዝርያዎች ተብሎ የወጣ የተለየ መመዘኛ ግን የለም። ስለዚህ «ለትናንሽ ዝርያዎች» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርዎት ፍሬው ለትንሽ አፍ እንዲመች ተደርጎ መሠራቱንና በጥቂት መጠን ብዙ ጉልበት እንዲይዝ መዘጋጀቱን ነው። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን ለክብደት መጨመር የተጋለጠ ውሻ ላለው ሰው ሁለተኛው ጠቀሜታ መልሶ ችግር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ካሎሪውን ይመልከቱ። አንድ ውሻ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚሰላው ክብደቱን በ0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ በ70 በማባዛት ነው። በዚህ ስሌት 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ 160 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 53 ገደማ ማለት ነው። 30 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 30 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ትንሽ ውሻ ከሰውነቱ አንጻር ብዙ ይበላል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ክብደቱ የተስተካከለና የተኮላሸ አዋቂ ውሻ በቀን የሚፈልገውን ለመገመት ያንን ቁጥር በ1.6 እናባዛለን፤ ለ3 ኪሎ ግራም ውሻ 255 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ምግቡ በኪሎ ግራም 3,800 ኪሎ ካሎሪ ካለው፣ ይህ 67 ግራም ብቻ ነው። በሲኒ እየሰፈሩ ይህን ያህል ጥቂት መጠን በትክክል መስጠት ስለማይቻል የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙ፤ ውድ ከሚባለው ከረጢት ይልቅ ገንዘብዎን በሚዛን ላይ ቢያውሉት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

መልስ 2፦ የሁለት ቺዋዋዎች ባለቤት (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

ከላይ የተሰጠውን ምክር ባከብርም፣ ጥራትን በቁጥር ብቻ መመዘን አይበቃም እላለሁ። ውሻ በተፈጥሮው ሥጋ በል ነው። ስለዚህ በንጥረ ነገሮች ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ የተጠቀሰው ትኩስ ሥጋ እንዲሆን፣ በቆሎና ስንዴም እንዳይገባበት እጠነቀቃለሁ። ውሾቼ ከአተርና ከምስር ጋር የተሠራ እህል አልባ ምግብ ይበላሉ፤ ፀጉራቸው ያምራል፣ ሆዳቸውም ደህና ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም የምንወዳቸውን እንስሳት ርካሽ እህል ማብላት ተገቢ አይመስለኝም።

መልስ 3፦ የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

ለውሾችዎ ያለዎት አሳቢነት የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ሁለት ነጥቦችን ማረም ግድ ይለኛል፤ ብዙ ሰዎች በእነዚህ ምክንያት ያለአግባብ ወጪ ያወጣሉ።

የንጥረ ነገሮች ዝርዝር የሚደረደረው ከመብሰላቸው በፊት ባላቸው ክብደት ነው። ትኩስ የዶሮ ሥጋ ወደ 70 በመቶ ገደማ ውኃ ስለሆነ በዝርዝሩ አናት ላይ ቢቀመጥም፣ ውኃው ተንኖ ሲያልቅ በፍሬው ውስጥ የሚቀረው ድርሻ ያንሳል። በአንጻሩ ደርቆና ተፈጭቶ የገባ የዶሮ ሥጋ በሦስተኛ ደረጃ ተጽፎ እንኳ የበለጠ ፕሮቲን ሊያበረክት ይችላል። ውሻም በደንብ የበሰለ እህልን ፈጭቶ ይጠቀምበታል። በውሾች ላይ የምግብ አለርጂ በማምጣት አዘውትረው የሚጠቀሱት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤቶችና ዶሮ ናቸው፤ ስንዴም ይጠቀሳል፣ ነገር ግን እህል በጠቅላላው ጠላት ነው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ያሳስበኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 የልብ ጡንቻ ደክሞ ልብ የሚሰፋበት ሕመም፣ በዘር ለዚህ ችግር ባልተጋለጡ ውሾች ላይ ጭምር መታየቱን ተከትሎ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ከተጠቆሙት ምግቦች ብዙዎቹ እህል የሌለባቸው፣ በምትኩ አተር፣ ምስር ወይም ድንች በብዛት የገባባቸው ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በ2022 መጨረሻ፣ አዲስ ሳይንሳዊ መረጃ ካልተገኘ በቀር ተጨማሪ መግለጫ እንደማያወጣ ገልጿል፤ መንስኤውና ውጤቱም በእርግጠኝነት አልተያያዙም። እኔ ግን የተለየ የሕክምና ምክንያት ለሌለው ውሻ እንዲህ ያለውን ምግብ አላዝም። ምክንያቱም በአንድ በኩል የተረጋገጠ ጥቅም የለውም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያልተዘጋ ጥያቄ አለበት። በዋጋው ውድ መሆን ምክንያት ብቻ ይሻላል ብሎ መቀበል አይገባም።

ከንጥረ ነገሮች ዝርዝር ይልቅ አምራቹን መጠየቅ ይሻላል። የምግቡን ቀመር ያወጣው በእንስሳት ሥነ ምግብ የሠለጠነ ባለሙያ ነው? ፋብሪካው የራሳቸው ነው ወይስ በኮንትራት ያሠራሉ? እያንዳንዱ ምርት ከመውጣቱ በፊት ምን ይመረመራል? ዓለም አቀፉ የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች ለባለቤቶች አዘጋጅቷል። ለእነዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ አምራች የኔን አመኔታ አያገኝም።

ስለ ጥርሱ ለጠየቁት፦ ተራው ደረቅ ምግብ ጥርስ አያጸዳም። ፍሬው ገና ሲነከስ ስለሚፈረካከስ የድዱን ዳር ሳይነካ ይዋጣል። የዮርክሻየር ቴሪየር መንጋጋ ጠባብ፣ ጥርሶቹም የተጠጋጉ በመሆናቸው የድድ ሕመም ቶሎ ያገኘዋል። ለጥርስ ተብለው በተለየ ቅርጽና ጥንካሬ የሚሠሩ ምግቦች ግን አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቪኦኤችሲ የተባለው የእንስሳት አፍ ጤና ምክር ቤት ማረጋገጫ የታተመባቸውን ይምረጡ። ከሁሉ የሚበልጠው በየቀኑ በብሩሽ ማጽዳት ነው፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይጠቀሙ፣ አንዳንዱ ለውሻ መርዝ የሆነው ዛይሊቶል ይገባበታል። አስቀድሞ የደነደነውን ደግሞ የሚያነሣው ሐኪም ብቻ ነው።

መልስ 4፦ የሽናውዘር አሳዳጊ (ፍራንክፈርት)

የእኔ ሚኒያቸር ሽናውዘር ነው። ይህ ዝርያ በደሙ ውስጥ ስብ የመብዛት ዝንባሌ ስላለው ለቆሽት መቆጣት የተጋለጠ ነው፤ ዮርክሻየር ቴሪየርም ለዚሁ ሕመም ከተጋለጡት ይቆጠራል። ስለዚህ የስቡን መጠን በትኩረት እንዲያዩ እመክራለሁ። በአሜሪካ ከረጢት ላይ የሚጻፈው የስብ መጠን ዝቅተኛው ወሰን ስለሆነ እውነተኛው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፤ ትክክለኛውን አምራቹን ጠይቆ ማወቅ ይገባል። በበዓል ቀን ጮማ ለውሻ መወርወር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ከረጢቱ ላይ «ሙሉ ምግብ» ወይም «ተጨማሪ ምግብ» የሚለውን ለዩ፤ ተጨማሪ ምግብ የተባለው ብቻውን ውሻን አያኖርም። ካሎሪው ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ፕሮቲን 26፣ ስብ 15፣ አሰር 3፣ አመድ (ማለትም ማዕድናቱ) 7፣ እርጥበት 9 በመቶ ቢሆን ቀሪው 40 በመቶ ስታርችና ስኳር ነው። ፕሮቲኑንና ስታርቹን በ3.5፣ ስቡን በ8.5 አባዝታችሁ ስትደምሩ በ100 ግራም 359 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመጣል።

መልስ 5፦ ውሻ አሳዳጊ (አዲስ አበባ)

እኛ ዘንድ ችግሩ ከምርጫ ብዛት ሳይሆን ከአቅርቦት ማነስ ይጀምራል። ከውጭ የሚገባው ምግብ ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሚደርስ የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ላይ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሳያዩ አለመግዛት ነው። ከተከፈተ ከረጢት ላይ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውን ፈጽሞ አልገዛም። መቼ እንደተከፈተ፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ፣ የምርት ቁጥሩ ምን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ስቡም አየር ሲያገኘው እየተበላሸ ይሄዳል። ለትንሽ ውሻ ትልቅ ከረጢት መግዛትም ቁጠባ አይደለም፤ በቀን 60 ግራም የሚበላ ውሻ 10 ኪሎ ግራሙን ለመጨረስ አምስት ወር ተኩል ይፈጅበታል። በስድስት ሳምንት ገደማ የሚያልቅ ትንሽ ከረጢት ገዝቶ፣ ምግቡን ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለብጡ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ደረቁ ምግብ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ሥጋ ቀቅለን በሩዝ እንሰጣለን። ለጥቂት ቀናት ይህ አይጎዳም። ሥጋ ግን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለወራት ከዘለቀ በተለይ የቡችላን አጥንት ያዳክማል። በዐቢይ ጾም ሉካንዳ ሲዘጋ ደግሞ የቤቱ ትርፍራፊ ሽሮና ምስር ወጥ ይሆናል፤ ሁለቱም ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለባቸው። ስለዚህ ከጾሙ በፊት የሚበቃውን ያህል ደረቅ ምግብ ገዝቶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የቡቺ አሳዳጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ የምትሰጠው እንጀራ በዶሮ ወጥ፣ አንዳንዴም ቺዝ ነው። ይህ ምን ያህል ይጎዳዋል? አዲሱን ምግብስ እንዴት ላስጀምረው?

መልስ 6፦ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወጡን ከዛሬ ጀምሮ ያስቁሙ። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ በብዛት የሚሠራው ከእርሱ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እየሾለ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቺዙ መርዝ ባይሆንም፣ 30 ግራም ቼዳር 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ቡቺ በቀን ከሚያስፈልገው ግማሽ የሚጠጋውን በአንድ ጉርሻ ይወስዳል። ከምግቡ ውጭ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ከዕለት ካሎሪው 10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለእርሱ 25 ኪሎ ካሎሪ ነው።

እናትዎን ግን ከማጉረስ አይከልክሏቸው፤ ፍቅራቸውን የሚገልጹበት መንገድ ነውና። ጠዋት የዕለቱን ምግብ መዝነው ከላዩ ላይ ጥቂት ፍሬ በትንሽ ዕቃ ለእናትዎ ይስጧቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ያጉርሱት። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ካሮትም ደስ ይለዋል።

ክብደቱን ለመቀነስ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ሊደርስበት በሚገባው ክብደት ከሚሰላው የዕረፍት ካሎሪ ነው፤ ለቡቺ 160 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል። ተራውን ምግብ ብቻ እስከዚህ ቢቀንሱበት ቫይታሚንና ማዕድን ሊያጥረው ስለሚችል፣ ለክብደት መቀነሻ የተዘጋጀ ምግብ እንዲያዝዙለት ሐኪሟን ይጠይቁ። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ከ35 እስከ 70 ግራም ቢቀንስ ይበቃል። መክሳቱ ለአየር ቧንቧውና ለጉልበቱ ሎሚም ይበጃል፤ ሁለቱም በዚህ ዝርያ ደካማ ናቸው።

ምግቡን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይለውጡ፤ በመጀመሪያ አንድ አራተኛው ብቻ አዲስ ይሁን፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ። የዕለቱን መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ይክፈሉት። ዮርክሻየር ቴሪየር በሽንት ፊኛ ጠጠር ከሚቸገሩት ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ ፍሬውን በለብ ያለ ውኃ ቢያርሱለት መልካም ነው፤ የተረፈውን ግን ሳያቆዩ ይድፉት። ተቅማጥ ከታየ አንድ ደረጃ ወደኋላ ይመለሱ። ካስመለሰው ወይም ቀኑን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለ ግን እስከ ማግስቱ ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።